ሰባ ሦስት ሰው ያለበት ቤት

ቁጥሩ መሳሳቱን ዝናሽ ያስተዋለችው ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነበር። እጇን ታጥባ፣ ፎጣውን ሰቅላ፣ «ተመስገን፣ ይኼም አለፈ» ብላ ዞር ስትል ዐይኗ በሩ አጠገብ ባለችው ጠባብ መስታወት ላይ ዐረፈ። በዚህ ሰዓት «በቤት ሁለት፣ በውጭ አንድ» ማለት የነበረባት መስታወት «በቤት ሃምሳ አንድ፣ በውጭ ሃያ ሁለት» ትላለች።

ከሩብ ሰዓት በፊትም አይታው ነበር። ያኔ ግን ስለ ውሃው ሙቀት የሚያወራ መስሏት አለፈችው።

«ሐመልማል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እስቲ ነይ። ይኼ ምን ይላል?»

ልጇ ከክፍሏ ወጣች። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቁመቷ እናቷን አልፏል፤ ስትራመድ ግን እንደ አሮጊት ቀስ ትላለች፣ ሳንባዋ መቸኮል አይፈቅድላትም። መስታወቷን አነበበችና ትከሻዋን ሰበቀች።

«ሰባ ሦስት ሰው ሆነናል ማለት ነዋ። ለእራት ምን ሠርተሻል?»

«አትቀልጂብኝ።»

«አልቀለድኩም። ድንቹ ብቻ ከሆነ ግን አንዳንድ ፍሬም አይደርሰን።»

ዝናሽ አልሳቀችም። «የባሰ አታምጣ» ሰው ሁሉ ክፉ ነገር ከደረሰበት በኋላ የሚለው ነው፤ እሷ ግን ክፉው ሳይደርስ፣ ጠዋት ገና ከአልጋዋ ስትወርድ ትለዋለች። ጎረቤቶቿ ሰማዩ የተደገፈው በእሷ ጭንቀት ነው እያሉ ያሟታል። እሷም ሰምታለች፤ አትቀየምም።

መስታወቷ የምሰሶው ናት። ማዶ በምትባለው ከተማቸው ምሰሶ የሌለው ቤት የለም። የቤቱ ኮምፒውተር ነው፤ ከግድግዳው ውስጥ ተሰክቶ ቤቱን ቀጥ አድርጎ የያዘ ስለሚመስል ሰዉ ምሰሶ ብሎ ሰየመው። በር ይቆልፋል፣ አየር ያጣራል፣ የልጆች ትምህርት ይይዛል። ማን እንደገባና ማን እንደወጣ የሚያውቀው ደግሞ በየሰው አንገት ላይ ካለችው ክታብ ነው። ክታቧ የምስር ፍሬ ታህላለች። የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ባለቤቷ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ።

የዝናሽ ምሰሶ አርጅቶ ነበር። ከወር ወዲህ መርሳት ጀምሯል። በመጀመሪያ የሐመልማልን የሦስተኛ ክፍል ሥዕሎች ረሳ፣ ቀጥሎ የመድኃኒቷን ሰዓት። መድኃኒቱን የረሳ ቀን ዝናሽ ሌሊቱን ቁጭ ብላ አነጋች፤ ጠዋት ለሕንጻው ዳኛ ደውላ «እሺ፣ ከጎተራው አገናኙኝ» አለች።

ጎተራው ከሕንጻው ሥር ነው። ሃያ አራቱም ቤቶች የሚያስታውሱትን ሁሉ አንድ ላይ የሚያስቀምጡበት የጋራ ማከማቻ ነው፤ አንዱ ምሰሶ ቢሞት እንኳ የቤቱ ነገር እዚያ ይገኛል። እንደ እድር በዳኛ ይተዳደራል፣ እንደ እድርም መዋጮ አለው። ሃያ ሦስቱ ቤቶች ከገቡ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። የቀረችው ዝናሽ ብቻ ነበረች። «የእኔን ቤት ጉድ ከሰው ጉድ ጋር አላደባልቅም» ብላ ነበር በስብሰባ ላይ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በደረጃው ላይ ሲያገኟት ሰላምታቸው ቀዝቀዝ አለባት።

ዛሬ ከሰዓት ዳኛው አቶ ኢሳያስ በምሰሶው ድምፅ እየመሯት አገናኘች። የጎተራውን ስም ጻፈች። የቤቱን ምስጢር ቃል አስገባች፤ ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፣ በሦስተኛው ሆነላት። ምሰሶው «ቤቱ በበራ ቁጥር ራሱ ይገናኝ?» ሲላት «አዎ» አለች። በመጨረሻ ምሰሶው እንዲህ ሲል ጠየቃት፦

«የቤቱ ዝርዝር ለብቻው ይቀመጥ ወይስ ከሌሎቹ ጋር ይቀላቀል?»

እዚህ ላይ ነው የተሳሳተችው። ልቧ «ለብቻው» እያለ ነበር። ነገር ግን አቶ ኢሳያስ እየሰሟት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ «ለብቻዋ» ስትባል የኖረች ሴት፣ ዛሬ ገና ከሰው ልትቀላቀል በሩን አንኳኩታ፣ ደፉ ላይ ቆማ «ለብቻዬ» ልትል ነው? እናቷ «ለብቻው የሚበላ ለብቻው ይሞታል» እያለች ነው ያሳደገቻት። ሰው ምን ይለኛል ብላ፣ ፊቷ እየጋለ፣ «ይቀላቀል» አለች።

«አበጀሽ» አሉ አቶ ኢሳያስ፣ በሌላው ጆሯቸው ኳስ እየሰሙ። «አሁን ሰው ሆንሽ።»

ቁጥሩ የተቀየረው ያኔ ነው።

*

«ዝርዝሩን ነው የቀላቀልሽው?» አሉ አቶ ኢሳያስ ዝናሽ መልሳ ስትጠራቸው፣ አሁን ኳሱን አጥፍተው። «የሰዉን ዝርዝር?»

«እርስዎ እየሰሙ እኮ ነው ያልኩት።»

«እኔማ ፎቶና ደብዳቤውን መስሎኝ። ደግ፣ ግድ የለም። ምን ይጎዳል? ሰባ ሦስት ቢል ያው ጽሑፍ ነው። ነገ እለየዋለሁ።»

«በሩስ?»

«በሩ ምን ሆነ?»

ዝናሽ መልስ ከመስጠቷ በፊት አንድ ነገር ትዝ አላት።

ማዶ የተሠራችው ሐይቁ ከደረቀ በኋላ ነው። ከሐይቁ የተረፈው ሶዳ፣ ሳንባ የሚያቃጥል ነጭ ጨው ነው። በበጋ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ነፋሱ ያን ነጭ ዱቄት አንሥቶ ከተማይቱ ላይ ያፈሰዋል። ሰው እንደ ዝናብ ለምዶታል። ነፋሱ ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው የከተማው ቀንድ ይነፋል፤ ወዲያው በየበሩ ዙሪያ ያለው ጎማ በአየር ይወጠርና በሩ ጥርቅም ብሎ ይቆለፋል። ጎማውን የሚወጥረው ምሰሶው ነው፤ በእጅ የሚሆን ነገር አይደለም። በእነ ዝናሽ ሕንጻ የየቤቱ በር የሚከፈተው ውጭ ላይ ነው፤ ኮሪደሩም ደረጃውም ገላጣ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ቀንዱ ሲነፋ ሐመልማል ደረጃው ላይ ነበረች። በሩ ፊቷ ላይ ተቆለፈ። ምትኩ፣ አባቷ፣ ዳኛውን ፈልጎ ቁልፉን እስኪያመጣ ግማሽ ሰዓቱ አለቀ፤ ልጅቷ ነጩን ነፋስ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ማገችው። ሳንባዋ ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አልሆነም። ዝናሽም በዚያው ሳምንት ለምሰሶዋ አንድ ትእዛዝ ሰጠች፤ በከተማው ማንም ያልሰጠውን ትእዛዝ፦ ከቤተሰቡ አንድ ሰው እንኳ ውጭ ካለ በር አይቆለፍ።

አሁን ቤተሰቡ ሰባ ሦስት ሰው ነው።

«አቶ ኢሳያስ» አለች፣ «የእኔ ትእዛዝም አብሮ ገብቷል?»

ከወዲያኛው ጫፍ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ። ዳኛው የራሳቸውን ምሰሶ ሲጠይቁ ሰማች፤ የእሳቸው ምሰሶ በተረጋጋ ድምፅ መለሰላቸው፦ «በቤት ሃምሳ ስምንት፣ በውጭ ዐሥራ አምስት። ሁሉ ሳይገባ አልቆልፍም።»

«ምን አደረግሽን አንቺ ሴትዮ» አሉ አቶ ኢሳያስ ቀስ ብለው።

*

ምትኩ ከሥራው፣ ለከተማው መብራት ከሚሰጡት የእንፋሎት ጉድጓዶች፣ ሲመለስ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ሣቀ። ከዚያ የልጁን ፊት አይቶ ተወው።

«ይገባሉ እኮ ዝኑ» አላት። «በዚህ ሰዓት ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ነው። ቀንዱ ከመንፋቱ በፊት ይሞላል።»

«ባይሞላስ?»

«ይሞላል ስልሽ።»

«አንድ ሰው ቢቀርስ? አንድ ሰው ብቻ?»

ዝናሽ ለሥራዋ ካስቀመጠችው ጨርቅ ጎተተች፤ የነፋስ ጭንብል በመስፋት ነው የምትተዳደረው። ጨርቁን በውሃ ነክራ በበሩ ሥር ጠቀጠቀችው። ጭንብል አመጣች፣ ሐመልማልን መታጠቢያ ክፍል ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀመጠቻት፣ የመንፊያ መድኃኒቷን በእጇ አስያዘቻት። መስታወቷ እየቆጠረች ነው። በውጭ ዘጠኝ። በውጭ ስድስት። ከላይ ሰው ሮጦ ሲወጣ፣ ከታች ልጅ ሲጠራ ይሰማል። በውጭ ሦስት።

በሩን ከፍታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ጎረቤቷ ሰዓዳም እርጥብ ብርድ ልብስ እንደ ነጠላ ተከናንባ ወጥታለች። ሰዓዳ በስብሰባው ላይ «ተዋት፣ ብቻዋን ትኑር» ያለች ሴት ናት።

«እሰይ» አለች ሰዓዳ። «ሁለት ዓመት አልቀላቀልም ብለሽ፣ አንድ ቀን ብትቀላቀዪ በር የለሽ አደረግሽን።»

«ይቅር በይኝ፣ እህቴ።»

«ይቅርታውን ነገ እቀበላለሁ። አሁን ማን እንደቀረ ንገሪኝ፤ ጎትቼ አመጣዋለሁ።»

በዚያው ቅጽበት ቀንዱ ነፋ። ረጅም፣ ወፍራም ድምፅ ከከተማው ጫፍ ተነሥቶ በደረቀው ሐይቅ ላይ ተንከባለለ። ሌላ ቀን ቢሆን ድምፁ ሳያልቅ የየፎቁ በሮች ጥርቅም ጥርቅም ይሉ ነበር። አሁን ግን ዝም። ሃያ አራት በር እንደ አፍ ተከፍቶ ቆመ።

መስታወቷ «በቤት ሰባ ሁለት፣ በውጭ አንድ» አለች።

«ማን ነው እሱ?» ሲል ምትኩ ምሰሶውን ጠየቀ።

«ኡርጌሳ ዋቆ። ዐሥራ አንደኛ ፎቅ።»

ምትኩና ሰዓዳ ተያዩ።

«ዐሥራ አንደኛ ላይ ሰው አለ እንዴ?» አለች ሰዓዳ።

የአቶ ኢሳያስ ድምፅ ከምሰሶው መጣ፤ አሁን ችኮላ ገብቶበታል። «ዝናሽ፣ ስሚኝ። ሽማግሌው ሁልጊዜ እንዲሁ ነው፣ ክታቡን ጥሎት ይሆናል። ዝርዝሩንና ትእዛዝሽን ለመለየት እስከ እኩለ ሌሊት ይፈጅብኛል። አንድ ስም ማውጣት ግን አፍታ ነው። የቀላቀልሽው አንቺ ስለሆንሽ እኔን እሺ አይለኝም፣ ያንቺን ድምፅ ነው የሚፈልገው። አውጪው በይው። በቃ፣ ሁላችንም እንቆልፋለን።»

ምሰሶው ጠበቀ፤ ከዚያም እንደ ልማዱ በለዘበ ድምፅ ጠየቃት፦ «ኡርጌሳ ዋቆን ከቤተሰብ ላውጣ?»

ከመታጠቢያ ክፍሉ ሐመልማል ሳለች። አንድ ጊዜ፣ ደረቅ ሳል። ነፋሱ ገና አልደረሰም፤ ነገር ግን ቀድሞ የሚመጣው ስስ አቧራ በኮሪደሩ ላይ መታየት ጀምሯል። ዝናሽ አፏን ከፈተች። «አዎ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር፤ ክብደቱ ታውቋታል።

ሰው ሁሉ «ክፉ ክፉውን አታስቢ» ይላታል። እሷ ግን ማሰቧን መተው አትችልም፤ አሁንም አልቻለችም። ሽማግሌው ሶዳው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ታያት። አፉ ውስጥ ነጭ ዱቄት ታያት። አንድ እግሩ ጫማ አልነበረውም። ክፉውን የሚያስብ ሰው ችግሩ ይኼ ነው፤ ስም ብቻ ሆኖ የተነገረው ሰው በሐሳቡ ውስጥ ፊትና እጅ ያወጣል።

«አይ» አለች። «አታውጣ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ የራስሽ ልጅ» አሉ አቶ ኢሳያስ።

«ልጄን ዐውቃለሁ።» ጭንብሏን አጠለቀች። «ግማሽ ሰዓት አለን።»

«እኔ ልሂድ» አለ ምትኩ።

«መልኩን ታውቀዋለህ?»

ምትኩ ጭንብሉን አነሣ።

«የት እንደሚሄድስ?»

«አንቺስ በምን ታውቂዋለሽ?»

«በመስኮት ሰው ስቆጥር ስትሥቅብኝ አልነበር?» አለችው። «አንተ ከልጅህ ጋር ሁን። ትንፋሿ ከፈጠነ ሁለት ጊዜ ንፋላት፤ ሦስት እንዳታደርገው።»

*

በየምሽቱ፣ ምትኩ እስኪገባ፣ ዝናሽ መስኮት ላይ ቆማ የሚገባውን ሰው ትቆጥራለች። ሥራ አይደለም፤ ካልቆጠረች እጇ ሥራ አይይዝላትም። ስለዚህ ግራጫ ካፖርት የሚለብሱ፣ ቀኝ ጉልበታቸውን የሚያነክሱ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ሐይቁ ዳር የሚወርዱ ሽማግሌ እንዳሉ ታውቃለች፤ ዳኛው «ሽማግሌው» ሲሉ ትዝ ያሏት እሳቸው ናቸው። ሲመለሱ ግን ብዙ ጊዜ አላየቻቸውም። ምትኩ ከገባ በኋላ መስኮቱን ትዘጋለችና፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው የእሷ ቁጥር አልነበረም።

ሊፍቱ ቀንድ ሲነፋ ይቆማል። ሰባት ፎቅ በደረጃ ወረደች፤ በየፎቁ ሰዎች በየበራቸው ቆመው ያይዋታል። አንዱ «ሮጥ በይ እንጂ» አላት። ሌላዋ «እግዜር ይከተልሽ» አለች። አብሯት የወረደ ግን አልነበረም።

ግቢው ነጭ ሆኗል። ስስ ዱቄት፣ ገና የጫማ ጫፍ የማይሸፍን። ወደ ሐይቁ ዳር የሚወስደውን መንገድ ይዛ ልትሮጥ ስትል መሬቱን አየች። የእግር ዱካ አለ። አንደኛው እግር ሙሉ ረግጧል፣ ሌላኛው ተጎትቷል። ዱካው ከሐይቁ ወደ ሕንጻው መጥቷል። ደረጃው ሥር ደርሷል። እዚያ ቆሟል፣ ብዙ ጊዜ የቆመ ይመስላል፣ አንድ ቦታ ተረጋግጧል። ከዚያ ወደ ደረጃው አልወጣም። በስተግራ ታጥፎ ወደ ሕንጻው ጀርባ ሄዷል።

ዝናሽ ዱካውን ተከተለች። በሕንጻው ጀርባ የጎተራው መተንፈሻ አለ፤ ከሥር ያለው ማከማቻ ሲሠራ የሚግለውን አየር የሚያስወጣበት፣ በብረት ወንፊት የተከደነ ቀዳዳ። ከጎኑ ግድግዳው ገባ ያለ ነው። እዚያ ግራጫ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ጆንያ አንጥፈው፣ ጀርባቸውን ለሞቃቱ አየር ሰጥተው ተቀምጠዋል። አፍና አፍንጫቸውን በሻርፕ ጠምጥመዋል። በአጠገባቸው ፔርሙዝ፣ ኩባያና ያረጀ ደብተር አለ። ሁሉም ነገር በቦታው ነው። ዛሬ የተጀመረ አይመስልም።

«ጋሽ ኡርጌሳ» አለች ዝናሽ እያለከለከች።

ሽማግሌው ቀና አሉ። «ማን ነሽ፣ ልጄ?»

«ሰባተኛ ፎቅ ነኝ። ዝናሽ እባላለሁ። ይነሡ፣ እባክዎ።»

«የት ልሄድ?»

«ቤትዎ ነዋ።»

«ቀንዱ ነፍቷል እኮ» አሉ ሽማግሌው፣ ያልሰማች መስሏቸው። «ቀንዱ ከነፋ ቤቴ ይቆልፋል። ይኼ ጉልበት አላደርስ ሲለኝ እዚሁ ነኝ። ይሞቃል፣ አትስጊ። ንጋት ላይ ይከፍትልኛል።»

«አልተቆለፈም፣ ጋሼ። የማንም በር አልተቆለፈም። እርስዎን እየጠበቀ ነው።»

ሽማግሌው ሣቁ፤ ሻርፑ ተንቀሳቀሰ። «እኔን? ኧረ ተይ። ውስጥ ሰው የሌለበት ቤት ማንን ይጠብቃል? እኔ ከወጣሁ ባዶ ነው። ባዶ ቤት መቆለፉ እውነቱን ነው፤ አልፈርድበትም።»

ዝናሽ ክንዳቸውን ያዘች። ቀጭን ነው። «ጎረቤት አያንኳኩም ነበር?»

«በዚያ ሰዓት ማንን ላስከፍት? በር ያስከፈትኩበት ቤት ዱቄት ይገባበታል። ልጅ ይኖራል፣ ሕመምተኛ ይኖራል።»

«ስንት ጊዜ ሆነዎት እዚህ ሲያድሩ?»

«እኔ ወፍ ነው የምቆጥረው፣ ልጄ፤ ሌሊት አልቆጥርም።» ደብተሩን ከመሬት አንሥተው በካፖርታቸው ከተቱ። «ሐይቁ ሳይደርቅ ፍላሚንጎ መቁጠር ነበር ሥራዬ። አሁንም አንዳንድ ቀን ይመጣሉ። መንገዱን ስተው ይሁን ትዝ ብሏቸው እንጃ።»

«ዛሬስ?» አለች ዝናሽ እየጎተተቻቸው። ለምን እንደጠየቀች አላወቀችም።

«ሰባት። ለዚያ ነው የዘገየሁት። ስድስት መስሎኝ ነበር፣ አንዷ ተቀምጣ ኖሯል።»

*

ደረጃው ከባድ ነበር። በሁለተኛው ፎቅ ሽማግሌው ቆሙ። በሦስተኛው ዝናሽ ከሐይቁ በኩል ያለው ሰማይ ነጭ ግድግዳ ሆኖ ሲመጣ አየች፤ የመንገድ መብራቶቹን አንድ በአንድ ይውጣል።

«ተዪኝ» አሉ ሽማግሌው። «ልጅ አለሽ።»

«ልጄ እርስዎ ካልገቡ በር የላትም» አለች ዝናሽ። «ይራመዱ።»

አራተኛው ፎቅ ላይ ከላይ የሚወርድ ሰው ድምፅ ሰማች። ሰዓዳ ናት፣ ብርድ ልብሷን ተከናንባ፣ ከኋላዋ ወንድ ልጇና የስድስተኛ ፎቁ ጎረምሳ።

«ይኸው ነው?» አለች ሰዓዳ ሽማግሌውን ከላይ እስከ ታች እያየች። «ለእኚህ ነው ሃያ አራት ቤት የተከፈተው? እኔ ደግሞ ወፈር ያሉ ጠብቄ ነበር። ያዙ፣ አንሡዋቸው፣ እንደ ሙሽራ።»

«በራሴ እሄዳለሁ» አሉ ጋሽ ኡርጌሳ።

«ነገ በራስዎ ይሄዳሉ።»

አምስተኛው ላይ ነፋሱ ደረሰ። መጀመሪያ ድምፁ፣ ቀጥሎ ዱቄቱ። የዝናሽ ዐይን ተቃጠለ። ደረጃውን በእጇ እየዳበሰች ወጣች፤ ከፊቷ የሰዓዳን ሳል ትሰማለች። ዐሥራ አንደኛ ፎቅ የማይታሰብ ነው። ሰባተኛው ላይ ምትኩ በሩን ይዞ ቆሟል። ሽማግሌውን አስገቡ፣ ሰዓዳና ጎረምሶቹ ተከትለው ገቡ፣ ዝናሽ የመጨረሻዋ ሆና ደፉን ተሻገረች።

ወዲያው ወደ መታጠቢያ ክፍሉ ሮጠች። ሐመልማል በርጩማው ላይ ጭንብሏን ይዛ ተጎንብሳለች። ትንፋሿ ይፏጫል፤ ከንፈሯ ግን አልጠቆረም። ዝናሽ እጇን ደረቷ ላይ አደረገችና ቆጠረች። ፈጣን ነው። ግን አለ። ይመጣል፣ ይሄዳል።

«ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የነፋሁላት» አለ ምትኩ ከኋላዋ። «ሦስት አላደረግሁም።»

«እማ» አለች ሐመልማል በተቆራረጠ ድምፅ። «አገኘሻቸው?»

«አገኘኋቸው።»

«ድንች... ይወዱ እንደሆነ ጠይቂያቸው።»

ዝናሽ ወደ በሩ ተመለሰች። በሩ አሁንም አልተቆለፈም፤ ከጠርዙ ሥር ነጭ ዱቄት እንደ ምላስ ይገባል። መስታወቷ «በቤት ሰባ ሦስት፣ በውጭ የለም» ትላለች።

ዝናሽ በየማታው አንድ ልማድ አላት። በሩ ሊቆለፍ ሲል ምሰሶውን «ሁሉ ገብቷል?» ትለዋለች። «ሁሉ ገብቷል» ይላታል። አታምነውም። ሦስት ጊዜ ትጠይቀዋለች፣ ሦስት ጊዜ ይመልስላታል፤ ከዚያ ነው የምትተኛው። ለዚህም ይሥቁባታል።

«ሁሉ ገብቷል?» አለች አሁን።

«ሁሉ ገብቷል። ልቆልፍ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ለሁለተኛ ጊዜ ያንኑ ትጠይቅ ነበር። አሁን ግን ሽማግሌውን አየች። ከበሩ አጠገብ፣ ምንጣፉን ላለማቆሸሽ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሰው የሚቀመጥበትን እስኪያሳያቸው ቆመዋል።

«ትናንት ማታስ» አለች ቀስ ብላ፣ «ትናንት ማታ ሁሉ ገብቶ ነበር?»

ምሰሶው ትንሽ ዘገየ። ከዛሬ ጀምሮ የራሱን ብቻ አያስታውስም፤ ከሥር ያለው ጎተራ የሃያ አራቱንም ቤት ሌሊት ይዟል።

«ትናንት ማታ አንድ ሰው ውጭ ነበር» አላት።

«ከትናንት ወዲያስ?»

«አንድ ሰው ውጭ ነበር።»

ትናንት ማታ ይኸው ድምፅ ሦስት ጊዜ «ሁሉ ገብቷል» ብሏት ነበር። አልዋሻትም። ሁሉ ማለት ሦስት ሰው ነው ብላ ያስተማረችው እሷ ናት። ከዚያ በፊት ስላለው ሌሊት ልትጠይቅ አፏን ከፈተች፤ ከመታጠቢያ ክፍሉ የልጇ ሳል ተሰማ፣ ተወችው።

የአቶ ኢሳያስ ድምፅ መጣ። «ዝናሽ፣ ገቡ? በይ ቆልፊልን። ዝርዝሩን ነገ በጠዋት እለይልሻለሁ፣ ወደ ሦስታችሁ ትመለሳላችሁ።»

«ሳይነግሩኝ እንዳይነኩት» አለች ዝናሽ።

«እንዴት ማለት?»

ዝናሽ የሽማግሌውን ጫማ ከእጃቸው ተቀበለችና ከምትኩ ጫማ ጎን አስቀመጠችው። እርጥቡን ጨርቅ ከበሩ ሥር አነሣች። ከዚያ መዳፏን በሩ ላይ አድርጋ «ቆልፍ» አለች።

ጎማው ተወጠረ። ድምፁ ከእሷ በር ተነሥቶ ወደ ላይም ወደ ታችም ሄደ፤ ስምንተኛው፣ ስድስተኛው፣ ዘጠነኛው፣ እስከ ዐሥራ አንደኛው ባዶ ቤት ድረስ፣ ሃያ አራቱም በር በየተራ ጥርቅም አለ። ዝናሽ ሁሉንም ቆጠረች።